ኩላሊታቸው ስለደከመ አረጋውያን አባሎቻችን

(የበሽተኛ ጠያቂ ኮሚቴው ለጠቅላላው ጉባኤ ያሰማው ንግግር)



ኮሚቴያችን በዚህ ጉባኤ ላይ እንዲናገር ሲጠየቅ፣ እንደ ወትሮው በዓመቱ ውስጥ ስንት በሽተኛ እንደጠየቅንና ለጥየቃውም ምን ያህል ብር እንዳወጣን አንብበን ልንቀመጥ እንችል ነበር። ሂሳቡን ግን ገንዘብ ያዡ ስላቀረቡት እዚያው ላይ ይታይ። እኛ ዘንድሮ ልባችንን የከበደን አንድ ጉዳይ ስላለ፣ እሱን ዘርዘር አድርገን ለመናገር ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። ጉዳዩ ስለ ኩላሊት በሽታ ነው፤ ይልቁንም ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ኩላሊታቸው ስለደከመ አባሎቻችን ነው። እንደምታውቁት ሦስት ሆነን ነው የምናገለግለው። ከመካከላችን አንዷ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርታ ጡረታ የወጣች በመሆኗ፣ ስለ ሕክምናው የምንለውን ሁሉ አስቀድማ አይታልናለች።

ነገሩ የጀመረው በቅጣት ነው። አንድ አባታችን፣ ድንኳን ሲተከል ካስማውን ማን ይተክላል ሳይባል ቀድመው መዶሻ የሚያነሡ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአራት ቀብር ቀሩ። ደንባችን ግልጽ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ተቀጡ። ከፈሉ። አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኛም፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ «ሰውየው ኮሩ» ብለን አምተናቸዋል። ለካስ እሳቸው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ከማሽን ጋር ተያይዘው ደማቸውን ሲያሳጥቡ ነበር የሚውሉት። ከአራቱ ቀብሮች ሦስቱ በእጥበት ቀን የዋሉ ናቸው። አራተኛው በማግስቱ ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ከአልጋ መነሣት አልቻሉም። ወሬውን ሰምተን ሄደን፣ አባባ ለምን አልነገሩንም ስንላቸው፣ «ለድንኳን የማልረባ መሆኔን ልንገራችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ቀን ሌላም ጥፋት አጠፋን። ባዶ እጃችንን አንሄድም ብለን በእድሩ ገንዘብ ሁለት ኪሎ ሙዝና ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝተን ነበር። ልጃቸው በትሕትና ተቀበለችንና ወደ ጓዳ አስገባችው። ስንወጣ እስከ በር ሸኝታን፣ «አትቀየሙኝ፣ ሐኪሙ እነዚህን ከልክሏቸዋል» አለችን። ነርሷ ጓደኛችን እንኳ በጥየቃው ወግ ተይዛ ሳታስበው ቀርታ በጣም አፈረች። የሙዙንና የብርቱካኑን ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ኩላሊት ምን ይሠራል? ሁለቱም እያንዳንዳቸው የጭብጥ ያህል ሲሆኑ፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይገኛሉ። ከደም ውስጥ ቆሻሻውን ያወጣሉ፤ ውሃውንና ጨውን ይመጥናሉ። ይህን ያህሉን ሁላችንም ሰምተናል። ብዙዎቻችን ያልሰማነው ግን፣ ሰውነት ደም እንዲሠራ የሚያዝዘው ሆርሞን የሚወጣው በአብዛኛው ከኩላሊት መሆኑን፣ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ ለሥራ የሚያዘጋጀውም በዋነኛነት ይኸው ኩላሊት መሆኑን ነው። ስለሆነም ኩላሊት ሲደክም የሚጎዳው ሽንት ብቻ አይደለም። ደም ያንሳል፣ አጥንት ይሳሳል፣ በደም ውስጥ አሲድ እየበዛ ጡንቻ ይመነምናል። አፍ ብረት ብረት እያለ ምግብ ይጠላል። ቆዳ ያሳክካል፤ ሌሊት እግር አላስተኛ ይላል። ሰውየው በዚህ ሁሉ ውስጥ ሆኖ ከወንበር ለመነሣት ሁለቴ ሲሞክር ስናይ፣ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ብለን እናልፈዋለን። ይህ አነጋገራችን ብዙ በሽታ ደብቋል።

በሽታውን በብዛት የሚያመጡት የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው፤ ሁለቱም በሠፈራችን ሞልተዋል። ከዚህም ሌላ ለወገብና ለጉልበት ቁርጥማት ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምንገዛቸው እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ማስታገሻዎች፣ የደከመ ኩላሊትን ይበልጥ ያደክማሉ። ጎረቤት ለጎረቤት «ይቺ ለእኔ ፍቱን ናት» እያለ የሚሰጣት ፍሬ ኪኒን ናት። እባካችሁ ይቅር።

እዚህ ላይ ስለ ምርመራው አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ክሬቲኒን የሚባለው በደም ምርመራ የሚታየው ነገር የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። እንግዲያው ሥጋቸው ያለቀ እናት ወይም አባት፣ የሚያመነጩት ክሬቲኒን ትንሽ ስለሆነ፣ ኩላሊታቸው ደክሞ እያለ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። «ምርመራው ደህና ነው ተባልን» ብሎ ከመሄድ በፊት፣ ከዕድሜያቸውና ከሰውነታቸው ጋር እንዴት ይታያል ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ደግ ነው። በአንጻሩም ደግሞ መደንገጥ አይገባም። የኩላሊት የማጣራት ኃይል ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ በመጠኑ ከደከመባቸው አረጋውያን መካከል የሚበዙት ለእጥበት የሚያደርስ ደረጃ ላይ ሳይደርሱ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ለእነሱ የሚያሰጋው ከኩላሊቱ ይልቅ ልብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሐኪሞች የአንድን ሽማግሌ አቅም መክዳት ዝም ብለው በግምት አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሊንዳ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አምስት ምልክቶችን አውጥተዋል። ሳይፈልጉት ክብደት መቀነስ፣ ሁልጊዜ ድካም መሰማት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ እርምጃ መዘግየትና እንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ የሰውየው አቅም ከድቷል ይባላል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ከሆኑ ደግሞ ወደዚያው እያመራ ነው። ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። ጋቢው የከበደው፣ ሲጨብጠን እጁ የላላብን፣ ከዚህ እስከ ታክሲ መያዣው ሦስት ጊዜ የሚያርፍ፣ ልብሱ እየሰፋበት የሄደ ሰው ስናይ ልብ ማለት ነው።

ይህ ከኩላሊት በሽታ ጋር ምን ያህል እንደተያያዘ ለማወቅ፣ በአሜሪካ እጥበት የጀመሩ 2,275 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። በዚያ ጥናት ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል አቅማቸው የከዳቸው ሆነው ተገኙ። ሽማግሌዎች ብቻ አልነበሩም፤ ወጣቶችም ነበሩባቸው። በሽታው ጉልበት ይበላል ማለት ነው። እጥበቱም በበኩሉ ቀላል አይደለም። በደንቡ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ በገንዘብ ምክንያት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠቡ ወገኖች በአገራችን ብዙ ናቸው። መሄጃውና መመለሻው ሲጨመርበት ቀኑ አለቀ። ከማሽኑ ሲነሡ የደም ግፊት ሊወርድ፣ ዓይን ሊያጨልም፣ እግር ሊከዳ ይችላል። በዚያ ላይ በእጥበት ጊዜ ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ስለሚሰጥ፣ ወድቀው ቢቆስሉ ደሙ ቶሎ አይቆምም። ያ አባታችን ከአንዴም ሁለቴ ከታክሲ ሲወርዱ ወድቀዋል። ለማንም አልተናገሩም።

ይህን ስንል እጥበትን ለማስጠላት አይደለም። ለብዙዎች ሕይወት ነው። አባታችን በማሽኑ ምክንያት የልጃቸውን ሠርግ አይተዋል፤ ሲመርቁም ቆመው ነው የመረቁት፣ እኛም ምስክሮች ነን። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላም በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ይሁንና ለጋሽ ዘመድ መገኘት አለበት፣ ቀዶ ጥገናውንም የሚችል ሰውነት ያስፈልጋል፤ ልባቸውና አቅማቸው ለደከመ አዛውንት በር ሰፊ አይደለም።

ነገር ግን ልንሰማው የሚገባ ሌላ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በመጦሪያ ቤት ሆነው እጥበት የጀመሩ 3,702 ሰዎች ተከታትለው ታይተዋል። ዓመት ሳይሞላ ከመቶ 58ቱ ሞተዋል። ከመጀመራቸው በፊት የነበራቸውን አቅም፣ ማለትም መልበሱን፣ መብላቱን፣ መንቀሳቀሱን፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደያዙ የቆዩት ከመቶ 13ቱ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ከመነሻውም የደከሙ ነበሩና በራሱ እግር ለሚሄድ ሽማግሌ ቁጥሩን እንዳለ አንወስደውም። ሆኖም ማሽኑ ደምን እንደሚያጥብ እንጂ የሄደ ጉልበትን እንደማይመልስ ያሳያል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ «እናታችን ይታጠቡ ወይስ አይታጠቡ» ብሎ ሲመክር፣ ስንት ወር ይኖራሉ ከሚለው ጋር አብሮ፣ ያንን ወር እንዴት ሆነው ይኖሩታል የሚለው መጠየቅ አለበት። የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ወግ የሚያስቸግረው። ከባድ በሽታን ከበሽተኛው መደበቅ ልማዳችን ነው። «አትንገሯት፣ ትደነግጣለች» እንላለን። ዘመድ ተሰብስቦ ይወስናል፤ ባለቤቷ ስለ ራሷ የምትሰማው መጨረሻ ላይ ነው። በዚሁ ዓመት ያረፉ አንዲት እናታችን ነበሩ፤ ቤተሰባቸው እንድንናገር ፈቅዶልናል፣ ስማቸውን ግን አናነሣም። ኩላሊታቸው ሊያበቃ ደርሶ ነበር፤ ልባቸውም ደካማ ነበር። ውጭ አገር ያሉት ልጆቻቸው ገንዘብ ልከው «ነገ ዛሬ ሳይባል ይጀመር» አሉ። እዚህ ያሉት ደግሞ «የደም ማነስ ነው» ብለው ነግረዋቸዋል። ነርሷ ጓደኛችን ልጆቹን አስፈቅዳ ከአጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «እማማ፣ አሁን የሚያሳስብዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም ቶሎ አልመለሱም። ጥቂት ቆይተው፣ «ልጄ፣ ኩላሊቴ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ እነሱ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው ዝም ያልሁት» አሏት። ቤቱ ሁሉ እርስ በርሱ ሲደባበቅ ከርሟል። ከዚያ የሚፈልጉትን ተናገሩ፦ ቤታቸውን ለቀው እንዳይወሰዱ፣ ቡናቸውን ራሳቸው እንዲያፈሉ፣ እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲስሙ።

ሐኪሙ ሁለቱንም መንገድ አስረዳቸው። እጥበቱን ተዉት። ይህ ማለት ሕክምና ተዉ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለማሳከኩ፣ ለማቅለሽለሹ፣ ለእብጠቱ፣ ለደም ማነሱ መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ የደም ግፊታቸውም ሲታይ ቆይቷል። አራት ወር ያህል ኖሩ። ሦስቱን ወር ቡናውን አፍልተዋል፤ ከረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብለው የሠፈሩን ወሬ ሁሉ ሲያውቁ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ከባድ ነበሩ፤ ትንፋሽ ያጥራቸው ስለነበር ሌሊቱን ተደግፈው ተቀምጠው ያነጉ ነበር። ይህን ደብቀን ሁሉም ሰላም ነበር ብንል ውሸት ይሆናል። ከልጆቻቸው አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ «ቢታጠቡ ኖሮ» ይላል። ከእኛም አባላት መካከል ለቅሶ ላይ «ገንዘብ ሰስተው ነው» ያሉ ነበሩና፣ ያ ንግግር ቤተሰቡን ጎድቷል። የእናታችን ምርጫ ለሌላው ልክ ነው አንልም፤ አባታችን ሌላ መርጠው እሳቸውም ልክ ነበሩ። ሁለቱም ግን ተጠይቀው የመለሱ ናቸው፤ እናታችን ለመጠየቅ የደረሱት ለጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሙዙና ብርቱካኑ እንመለስ። ሁለቱም ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ያስወጣዋል፤ የደከመው ግን ያጠራቅመዋል፤ ሲበዛም የልብን ምት አዛብቶ እስከ መግደል ይደርሳል። የኩላሊት በሽተኛ ሁሉ ፍራፍሬ ይከለከላል ማለት አይደለም፤ እንደ ደረጃው ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ለቤተሰቡ ስልክ ደውለን መጠየቅ ነው፤ ምንም አያሳፍርም። «ጠጡ፣ ጠጡ፣ ኩላሊትን ያጥባል» ብሎ ማስጨነቅም እንዲሁ ይቅር። ሽንታቸው የቀነሰ ሰዎች ውሃው የሚለካላቸው ናቸውና፣ ትርፉ እግርና ሳንባ ላይ ይቀራል።

የምግቡ ነገር ግራ የሚያጋባም ነው። እጥበት ከመጀመሩ በፊት ሥጋና እንቁላሉን ቀነስ አድርጉ ይባላሉ፤ ከጀመሩ በኋላ ደግሞ እጥበቱ ራሱ ከሰውነት ስለሚወስድ ጨምሩ ይባላሉ። አቅማቸው የከዳቸው አረጋውያን ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም መቀነሱ ሊጎዳ ስለሚችል ለሐኪሙ መተው ነው። አባታችን ግን የቀድሞውን ትእዛዝ እንደያዙ ቆይተው፣ በዚያ ላይ ጾሙን ሁሉ እየጾሙ፣ ሰውነታቸው አልቆ ነበር። የንስሐ አባታቸው ናቸው በመጨረሻ «በሽተኛ ነህ፣ ብላ» ብለው ያዘዟቸው። ሙስሊም አባሎቻችንም የረመዳን ጾም ሳይገባ ሐኪማቸውንና ኢማማቸውን እንዲያማክሩ እናሳስባለን።

ጉልበትን በተመለከተ፣ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኢጣሊያ ጥናት፣ እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች እጥበት በሌለበት ቀን በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ብቻ በቤታቸው እንዲራመዱ አድርጎ፣ ከስድስት ወር በኋላ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚሄዱት ርቀት ጨምሮ፣ ከወንበርም ፈጠን ብለው ሲነሡ አግኝቷቸዋል። አሥር ደቂቃ ማለት ከእድሩ ዕቃ ቤት እስከ ዋናው መንገድ ደርሶ መመለስ ነው። ሰው አብሮ ከሄደ መውደቁንም አያስፈራም። ብቻ ለእጥበት የተዘጋጀው ክንድ ላይ ዕቃ አታሸክሟቸው፣ በዚያም ክንድ ደም ግፊት አይለካ፤ መስመሩ ከተበላሸ ሌላ ቀዶ ጥገና ነው።

ከእድሩ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የቅጣቱ ደንብ እንዲሻሻልና ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት አባል የሐኪም ወረቀቱን ለጸሐፊው ብቻ አሳይቶ ከቅጣት ነፃ እንዲሆን፤ ለአባታችንም የአራቱ ቀብር ቅጣት እንዲመለስላቸው። «ገንዘቡን አልፈልግም» ብለዋል፤ ይመለስላቸውና እሳቸው ያድርጉት የፈለጉትን። ለድንኳኑም ከአግዳሚው ሌላ መደገፊያና ክንድ ያላቸው ጥቂት ወንበሮች ይገዙ፤ ጉልበት የከዳው ሰው ከአግዳሚ ላይ መነሣት አይችልም፤ ስለዚህም ለቅሶ መምጣቱን ይተዋል። ደግሞም ካስማ መትከል ያቃተው ሰው ሥራ አጣ ማለት አይደለም። አባታችን ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ የዕቃ ቤቱን መዝገብ ይዘውልናል። ከዚያ ወዲህ ስንት ድስት እንደጎደለና ማን ቤት እንዳለ ስለታወቀ፣ አንዳንዶቻችሁ እንዳልተመቻችሁ እናውቃለን።

የመጨረሻው የሰው ነገር ነው። በአሁኑ ጊዜ ከሠፈራችን እጥበት የሚሄዱ አባታችንን ጨምሮ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሦስቱም በአንድ ቀን በአንድ ፈረቃ ነው የሚታጠቡት። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ይገባሉ፣ 9 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ሲሄዱ ደህና ናቸው፤ የሚወድቁት ሲመለሱ ነው። ማክሰኞን እኛ ኮሚቴዎቹ ይዘነዋል። ቅዳሜን ሁለት ወጣቶች ተመዝግበውበታል። የጎደለን ሐሙስ ነው። ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ በር ተቀብሎ፣ ታክሲ አስይዞ፣ ክንዳቸውን ይዞ እስከ ቤታቸው የሚያደርስ ሰው እንፈልጋለን። መዝገቡ በር ላይ ከጸሐፊው ዘንድ ነው።